እንግዳዋ ታከሙ፣ ባለቤቲቱ ቢል ተቀበሉ

«ፒአይፒ ማለት ለጅል የተቆረጠ ግብር ነው። ጤና ኢንሹራንስ ያለው ሰው ለአንድ ቁስል ሁለት ጊዜ ለምን ይከፍላል? ፈርማችሁ አስወጡት፤ በገንዘቡ ለልጆቻችሁ ጫማ ግዙበት።»

ይህን ያለው በዲሲ አካባቢ ለሐበሻ የመኪና ኢንሹራንስ የሚሸጥ ኤጀንት ነው፤ ሰሞኑን በቲክቶክ ላይቭ። ፒአይፒ ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን የገዛ ሕክምናህንና ያጣኸውን ገቢ የሚከፍል የመኪና ኢንሹራንስ ሽፋን ነው፤ በሜሪላንድ ፈርመህ ካልተውከው በውልህ ውስጥ አለ። የልጁን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ማስታወቂያ ይሆንለታል። ከሥሩ ልብና አበባ ሲዘንብለት አይቼ ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት። አንዷ እንዲያውም «ወንድማችን እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ለእኛ የሚያስብልን አጥተን ነበር» ብላለታለች። ልጁም ሞቅ ብሎት ቀጠለ፦ ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ዝቅተኛውን ሽፋን 50/100/25 ስላደረገችው ከእንግዲህ በመኪና አደጋ ሜዳ ላይ የሚወድቅ ሰው የለም አለ።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ቶሎ ያልቃል። 50/100/25 ማለት አንተ ሌላውን ሰው ስትገጭ ያንተ ኢንሹራንስ ለእሱ የሚከፍለው ነው፦ ለአንድ ተጎጂ እስከ 50 ሺህ ዶላር፣ ለተጎጂዎች ሁሉ በድምሩ እስከ 100 ሺህ፣ ለንብረት እስከ 25 ሺህ። ቀድሞ 30/60/20 ነበር፤ መጨመሩ ደግ ነው። እስከ ጁላይ 2024 ድረስ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ምንም ኢንሹራንስ መንዳት ይፈቀድበት ለነበረ ስቴት እንዲያውም ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ቁጥሩ ያንተ አይደለም። የጎድን አጥንትህ ቢሰበር ከዚያ ውስጥ ላንተ የሚደርስ አንድ ሳንቲም የለም። ላንተ የሚደርሰው የሌላው ሰው 50 ሺህ ነው፤ እሱም ሌላው ሰው ጥፋተኛ ከሆነ፣ መሆኑም ከተረጋገጠ፣ አንተም ምንም ካላጠፋህ። ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን ለገዛ ሕክምናህ የሚከፍል ሽፋን በቨርጂኒያ ሕግ ግዴታ አይደለም። ከፈለግህ ሜድፔይ የሚባለውን ጠይቀህ ትገዛለህ፤ ካልጠየቅህ ብዙውን ጊዜ የሚነግርህ የለም። ኤጀንት ሆኖ ይህን ሳያውቅ ላይቭ የሚገባ ሰው ፈቃዱን የት እንዳገኘው ለማወቅ እጓጓለሁ።

አሁን ወደ ጫማው እንምጣ።

«ሁለት ጊዜ መክፈል ነው» የሚለው አባባል ሲሰሙት ያምራል። ጤና ኢንሹራንስ አለኝ፣ ስለዚህ ታክሜ እወጣለሁ። የትኛው ጤና ኢንሹራንስ? እዚህ አካባቢ ያለው ሐበሻ ግማሹ ኡበርና ሊፍት የሚነዳ፣ ግማሹ በየሰው ቤት አዛውንት የሚንከባከብ፣ የቀረው ፓርኪንግና ሆቴል ውስጥ የሚያመሽ ነው (ሐኪሞቻችንና ኢንጂነሮቻችን ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እናንተን ይህ ልጅ አያገኛችሁም)። ብዙው ኢንሹራንሱን የሚገዛው ከማርኬትፕሌስ (መንግሥት ካቋቋመው የጤና ኢንሹራንስ ገበያ) ነው፤ የሚገዛውም ወርሃዊ ክፍያው ዝቅ፣ ዲዳክቲብሉ ሰማይ የሆነውን። ያ ኢንሹራንስ መክፈል እስኪጀምር ብዙ ሺህ ዶላር ከኪስህ ይወጣል። ፒአይፒ ዲዳክቲብል የለውም፤ «ይህ ሐኪም ኔትወርክ ውስጥ የለም» ብሎ ነገርም አያውቅም። ሁለት ጊዜ መክፈል ሳይሆን የመጀመሪያው ኢንሹራንስ ዝም ያለበትን ቀዳዳ መድፈን ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። ትከሻህ ወልቆ ሦስት ሳምንት ሥራ ብትቀር የትኛው ጤና ኢንሹራንስ ነው ደሞዝህን የሚልክልህ? የሜሪላንድ ፒአይፒ ካጣኸው ገቢ 85 በመቶውን፣ ከሽፋኑ ጣሪያ ሳያልፍ፣ ይከፍላል። ለቤት ኪራይ የሚሆነው እሱ ነው። ልጁ ይህን አልተናገረም። በፒአይፒ ስለተጠቀምክ ብቻ ኢንሹራንሱ ፕሪሚየምህን (የኢንሹራንስ ክፍያህን) እንዳይጨምር የሜሪላንድ ሕግ እንደሚከለክለውም አልተናገረም። ከገጨህ ሰው በኋላ ካሳ ብታገኝ የፒአይፒውን ገንዘብ መልስ እንደማትባልም እንዲሁ። የነገረን የጫማውን ዋጋ ብቻ ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው እንዲህ ላለው ምክር ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሳሩን የሚያሳየው ሰው ኮሚሽን የሚያገኝ መሆኑ ነው።

ስለ ፊርማው ደግሞ የማውቀውን ቤት ልንገራችሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው፤ እናቴ ቡና የምትጠጣበት ቤት። እሳቸው ሌሊት ኡበር ይነዳሉ፣ ባለቤታቸው አንዲት አሮጊት ያስታምማሉ። አንድ እሑድ ከለቅሶ ሲመለሱ መኪና የሌላቸውን አንዲት የእድር አባል ከኋላ አሳፍረው በጆርጂያ አቬኑ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ከነዳጅ ማደያ አንድ መኪና ሳይቆም ዘሎ ወጣና በጎን መታቸው። ሦስቱም ኢመርጀንሲ ገቡ። የእሳቸው ትከሻ፣ የባለቤታቸው የእጅ አንጓ፣ የእንግዳዋ አንገት።

እንግዳዋ ታከሙ። ቢላቸው ለባለ መኪናው ኢንሹራንስ ተላከ፣ ፒአይፒ ከፈለ፣ ከሆቴል ሥራቸው ለቀሩበት ቀንም ትንሽ ገንዘብ መጣላቸው። እሰየው። ባልና ሚስቱ ግን ወረቀት ደረሳቸው፦ «የፒአይፒ ሽፋንዎን በፊርማዎ ትተዋል።» መቼ? ከሁለት ዓመት በፊት፣ ስልክ ላይ፣ እዚህም እዚህም ፈርሙ በሚባልበት የኤሌክትሮኒክ ወረቀት ውስጥ።

የሜሪላንድ ሕግ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሽፋኑን ለመተው የሚፈርመው በውሉ ላይ መጀመሪያ ስሙ የተጻፈው ሰው ብቻ ነው። ፊርማው ግን የሚይዘው እሱን ብቻ አይደለም፦ በውሉ የተመዘገበ ሹፌርን ሁሉ፣ በቤቱ የሚኖር 16 ዓመት የሞላው ቤተሰብን ሁሉ ይጠቀልላል። ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ ተሳፋሪ ግን እንደተሸፈነ ይቀራል። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅም እንዲሁ። ባል አንድ ጊዜ ስልኩን በጣቱ ነካ ሲያደርግ የሚስቱንና የኮሌጅ ልጁን ሕክምና ፈረመ፤ መንገድ ላይ ያሳፈራት እንግዳ ግን ዋስትናዋ አልተነካም። ሚስት አልተጠየቀችም። ወረቀቱን አላየችውም። በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን፣ ሴት ልጅ በራሷ ስም ቤት በምትገዛበት አገር፣ አባወራው ስለፈረመ አጥንቷ ዋስትና ያጣል። ይህን ሕግ አገር ቤት ያለ የቀበሌ ሽማግሌ ቢያወጣው ኖሮ በዚህ ከተማ ሰልፍ እንወጣበት ነበር።

እናቴ ቡናውን ስትጠጣ ጠረጴዛው ላይ ኤንቨሎፖቹ በሦስት ተደርድረው እንደነበር ነግራኛለች፦ ነጩ የሆስፒታሉ፣ መስኮት ያለው የአምቡላንሱ፣ ሮዝ ቀለም ያለበት የኮሌክሽኑ፣ የዕዳ ሰብሳቢው። ባለቤቲቱ እንግሊዝኛውን ስለማያነቡት በቀለሙ ነው የሚለዩት። «ሮዙን ሳይ ሆዴ ይታመማል» አሉ።

«ገጪውን ፍርድ ቤት አቁመው ካሳ አያገኙም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ጽሑፌ ሊረዝም የሚገደደው። አብዛኛው ሰው፣ ያ ልጅም ጭምር፣ የማያውቀው ወይም የማይናገረው ነገር እዚህ ጋ አለና።

በአሜሪካ አብዛኞቹ ስቴቶች ጥፋት ይከፋፈላል። እሱ 90 በመቶ፣ አንተ 10 በመቶ ካጠፋህ ካሳህ በ10 በመቶ ይቀነሳል። ፍትሕ ነው። ጥፋት የማይከፋፈልባቸው፣ ተጎጂው አንድ በመቶ እንኳ ካጠፋ ባዶ እጁን የሚሄድባቸው አራት ስቴቶችና ዲሲ ብቻ ናቸው፦ አላባማ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ። ካርታውን ተመልከቱት። እኛ ሐበሾች ከአሜሪካ ምድር ሁሉ መርጠን የሰፈርንበት ቦታ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነው። ሦስቱም። እንደ መርገም ነው።

የዚህ ሕግ ምንጭ ፈረስ ነው። በ1809 በእንግሊዝ አገር ደርቢ በምትባል ከተማ አንድ ሰው ቤቱን ሲያድስ መንገድ ላይ ግንድ አጋድሞ ይተዋል። ሌላው ሰው ሊመሻሽ ሲል ፈረሱን እየጋለበ መጥቶ ግንዱ ጥሎት ተጎዳ። ዳኞቹ ግንዱን ያጋደመው አጥፍቷል፣ ፈረሰኛው ግን ባይጋልብ ያየው ነበር፤ ስለዚህ ምንም አይከፈለውም አሉ። ሜሪላንድ በ1847 ይህን ፍርድ ተቀብላ ሕጓ አደረገችው። እንግሊዞች ራሳቸው በ1945 አውጥተው ጣሉት። ሜሪላንድ እስከ ዛሬ ታቅፋው ተቀምጣለች። በ2013 አንድ የእግር ኳስ አሠልጣኝ የጎሉ አግዳሚ ወድቆበት ፊቱ ተሰባብሮ ጉዳዩ እስከ ስቴቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ሸንጎ የኳስ ማኅበሩ አጥፍቷል፣ አሠልጣኙም ትንሽ አጥፍቷል ብሎ ነበርና ባዶ ቀረ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕጉን ለውጡት ሲባል «የሕግ አውጪው ሥራ ነው» ብሎ መለሰው። ሕግ አውጪው ደግሞ በየዓመቱ እጁን ይታጠባል።

እንግዲህ በጆርጂያ አቬኑ የሚነዳ የወሎ ሰው የሚዳኘው በደርቢ ፈረስ ነው።

የእኛ ሰውዬ ምን ሆኑ? ከአደጋው በሦስተኛው ቀን የገጫቸው ሰው ኢንሹራንስ አጀስተር (የካሳ ጥያቄ መርማሪ) ደወለ። ድምፁ ለስላሳ ነው። «እንዴት ነዎት? ትከሻዎ እንዴት ነው? ይህ ጥሪ እየተቀረጸ ነው፤ የሆነውን በራስዎ አንደበት ይንገሩኝ።» ለሌላው ወገን ኢንሹራንስ የተቀረጸ ቃል የመስጠት ግዴታ እንደሌለባቸው የነገራቸው የለም። እሳቸውም እንደ ወጋቸው ጀመሩ። «ይቅርታ፣ እንግሊዝኛዬ ጥሩ አይደለም።» ቀጠሉ፤ ሐቀኛ ሰው ናቸውና «ለአንድ አፍታ ጂፒኤሱን አየት አድርጌ ነበር፣ ቀና ስል ገብቶብኛል» አሉ። አለቀ። ሳይቆም ከማደያ ዘሎ የወጣው ሰው 99 በመቶ ያጥፋ፤ አየት ማድረጋቸው አንድ በመቶ ነው፣ አንድ በመቶ ደግሞ እዚህ አገር መቶ ነው። ክሌማቸው፣ የካሳ ጥያቄያቸው፣ ተዘጋ።

አስቡት እስቲ። ሰው ሲገጨን ቀድመን ይቅርታ የምንል ሕዝብ ነን። ጽዋ የደፋብንን ሰው «አይዞህ፣ እኔ ነኝ እግሬን የዘረጋሁት» ብለን የምናረጋጋ ነን። ፖሊስ ሲመጣ «ጥፋቱ የሁለታችንም ነው፣ በሰላም እንጨርሰው» የሚለው ሽማግሌ ሁላችንም ውስጥ አለ። በሌላ ስቴት ይህ ጨዋነት ከካሳህ ጥቂት ይቀንስብሃል። እዚህ ሁሉንም ይወስደዋል። ያለጥፋት የሚከፍል የሕክምና ሽፋን ለማንም የሚጠቅም ከሆነ ለእኛ ነው፤ ለሐቀኛው፣ ለይሉኝተኛው፣ እንግሊዝኛው ለሚንተባተበው። ፒአይፒ ይቅርታ ብትል ባትል ግድ የለውም። ተጎዳህ፣ ይከፍላል።

ሚስትየዋስ? የሳቸው ክሌም ሕያው ነው፤ ተሳፋሪ ስለሆኑ የባላቸው ጥፋት አይቆጠርባቸውም። ሕያው ነው ማለት ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሐኪሙ ሕክምናውን እስኪጨርስ፣ ጠበቃው ደብዳቤ እስኪጽፍ፣ ኢንሹራንሱ ግማሹን አቅርቦ እስኪከራከር ወር ይሄዳል፤ ዓመትም ሊሄድ ይችላል። ሮዙ ኤንቨሎፕ ግን በየወሩ ይመጣል። ጠበቃው ፋይላቸውን ሲከፍት መጀመሪያ ያቀረበላቸው ጥያቄ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ባለቤትዎንም አብረን እንክሰስ?» የጠበቃ ወጉ ነው፣ አልፈርድበትም፤ ለደንበኛው የሚከፍል ኪስ ሁሉ መፈለግ አለበት። ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር የቆዩ ሴት ግን የእጅ አንጓቸውን ለማሳከም ባላቸውን ይክሰሱ ተባሉ። አልከሰሱም። ጄሶውን ይዘው ወደ አሮጊቷ ቤት ሥራ ተመለሱ።

የኡበር ወንድሞቼ እዚህ ላይ «እኛ የሚሊዮን ዶላር ሽፋን አለን» ትላላችሁ። ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ በኩራት ጭምር። ያ ሚሊዮን ደንበኛ አሳፍራችሁ ስትገጩ ለደንበኛውና ለገጫችሁት ሰው የሚከፈል ነው። መሪውን የጨበጠው ሰው የራሱ ትከሻ በዚያ ውስጥ የለም። ደግሞም እናንተ በወረቀት ተቀጣሪ ስላልሆናችሁ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ቀጣሪ የሚገባው ዋስትና አይደርሳችሁም። ከዚህ ሁሉ ሰው ውስጥ ሽፋን በግዴታ ሊገባለት የሚገባው ሹፌሩ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ራቁቱን የሚቀረውም እሱው ነው።

የዲሲውን አንድ አንቀጽ ልስጠው። እዚያ ፒአይፒ በውዴታ ነው። ገዝተህም ቢሆን አደጋ ከደረሰ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ፒአይፒውን ልውሰድ ወይስ ልክሰስ ብለህ መምረጥ አለብህ። ስድሳ ቀን! ጀርባህ ዲስክ ይሁን ጡንቻ ሐኪሙ ራሱ ባልለየበት ጊዜ። በ2016 የዲሲ ምክር ቤት ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የፈረሱን ሕግ አላላላቸው፤ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ካጠፉ ካሳቸውን ያገኛሉ። ሹፌሩን ግን እዚያው ደርቢ ተዉት።

ጎረቤቶቻችንን እንይ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታችሁ በአውራ ጎዳና 95 ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ሳትነዱ ዴላዌር ትገባላችሁ፦ ፒአይፒ ግዴታ፣ ለአንድ ሰው 15 ሺህ፣ ለአንድ አደጋ 30 ሺህ ዶላር። ፔንሲልቬኒያ፦ 5 ሺህ፣ ግዴታ። ኒውዮርክ፦ 50 ሺህ፣ ግዴታ። ሜሪላንድ ስንት ናት? 2,500። ያውም ከፈረምክ ዜሮ። ይህ ቁጥር ሕጉ በ1973 ሥራ ላይ ሲውል የተጻፈው ነው፤ ያኔ አገር ቤት ንጉሡ ዙፋን ላይ ነበሩ። በዛሬ ዋጋ ሲሰላ ወደ 18 ሺህ ዶላር ይጠጋል። የሜሪላንድ ሕግ አውጪዎች ሌሎቹን ጣሪያዎች ከፍ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ይህቺን ግን ማን ነክቷት።

እዚህ ላይ ለኤጀንቱ አንድ ነገር ልስጠው፦ 2,500 ዶላር ትንሽ ነው። በአምቡላንስና በአንድ ስካን ሊያልቅ ይችላል። እቀበላለሁ። ግን ጃንጥላህ ጠባብ ነውና ጣለው ብሎ ምክር የት አገር አለ? ጠባብ ከሆነ ሰፊ ይገዛል። ሰፊ እንዲሆን ሕግ ይጠየቃል።

ሌላው ወገን የሚያነሳው ክርክር የዚህን ልጅ ያህል አይቀልም። ዝቅተኛውን ሽፋን ግዴታ ብታደርጉት ፕሪሚየም ይወደዳል፣ ድሃው ጨርሶ ኢንሹራንስ መግዛት ያቆማል ይላሉ። ኒውዮርክንም ይጠቅሳሉ፤ ኒውዮርክ ውድ ነው፣ እውነት ነው። ግን ድሃው አሁን ምን እያደረገ ነው? በወር ጥቂት ዶላር ቆጥቦ አደጋ የደረሰ ቀን የሁለት ዓመት ቁጠባውን ለሆስፒታል ያስረክባል፤ ከሌለው ደግሞ ክሬዲቱ ይበላሻል፤ ክሬዲቱ ሲበላሽ ያው የመኪና ኢንሹራንሱ ራሱ ይወደድበታል። ድሃውን ከፕሪሚየም ያዳኑት መስሏቸው ለኮሌክሽን ሸጡት። ለድሃ የምናስብ ከሆነ እኔ እንዲህ ያለውን ማሰብ አልገባኝም፤ ምናልባት በደንብ ስላልተማርኩ ይሆናል።

«ምርጫ» የሚለውን ቃል ደግሞ ሚሺጋን ሞክራዋለች። ከ1973 ጀምሮ እዚያ በመኪና አደጋ ለተጎዳ ሰው የሕክምና ሽፋኑ ጣሪያ አልነበረውም፣ ዕድሜ ልክ። ፕሪሚየሙም በአገሩ ከታወቁት ውዶች አንዱ ነበር፤ አልክድም። በ2019 አዲስ ሕግ ወጣና ከጁላይ 2020 ጀምሮ ሰዉ 500 ሺህ፣ 250 ሺህ፣ ሜዲኬይድ (ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጥ የመንግሥት ጤና ኢንሹራንስ) ላለው 50 ሺህ እያለ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ሙሉ ጤነኛ ሰው ምን ይመርጣል? ርካሹን። ያ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በጁላይ 2021 ደግሞ ለአስታማሚዎች የሚከፈለው በ2019 መጀመሪያ ይከፈል ከነበረው ወደ 55 በመቶ እንዲወርድ ተደረገ፣ የገዛ ቤተሰቡን የሚያስታምም ሰውም በሳምንት ከ56 ሰዓት በላይ እንዳይከፈለው ተባለ። አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎች አስታማሚ አጡ። የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2023፣ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የተጎዱትን አይነካም እስኪል ድረስ ሁለት ዓመት አለፈ። የቤት ለቤት አስታማሚነት የብዙ እህቶቻችን እንጀራ ስለሆነ ይህ ታሪክ ሩቅ እንዳይመስላችሁ። ለሽባ ሰው «ምርጫ» የሚል ቃል ምን ማለት እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አገር ቤትን ማንሳት አልፈልግም ነበር፤ ግን ተገድጃለሁ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 የሦስተኛ ወገን መድንን ግዴታ ሲያደርግ በመኪና አደጋ ለተጎዳ ሰው ሁሉ እስከ 2 ሺህ ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጠው ደንግጎ ነበር። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ከሆነም የመድን ፈንዱ ይከፍላል ብሏል። 2 ሺህ ብር ምን ትሠራለች? ምንም። አፈጻጸሙን አላወድስም፤ ሆስፒታል በር ላይ «መጀመሪያ ክፈሉ» የተባለ ሰው ብዙ ነው። ግን ሐሳቡን ተመልከቱ፦ መጀመሪያ ሰውዬውን አክሙት፣ ማን አጠፋ የሚለው ይደርሳል። ይህን ሐሳብ በደህና ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የጻፉት ሰዎች ነበሩ፤ የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ ግን እስከ ዛሬ አልገባትም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቨርጂኒያና ዲሲ ለገዛ ሕክምና የሚሆን ዝቅተኛ ሽፋን ግዴታ ያድርጉ። ሜሪላንድ ቁጥሩን ቢያንስ እንደ ዴላዌር 15 ሺህ ታድርሰው፣ ያንን የፊርማ ጉድ ትሰርዘው፤ መሰረዙ ከከበዳት ለእያንዳንዱ ባለ አጥንት የየራሱን ፊርማ ትጠይቅ። ሚስት ለራሷ ትፈርም። የሜሪላንድ ምክር ቤት በአናፖሊስ፣ የቨርጂኒያውም በሪችመንድ በየጃንዋሪው ይከፈታሉ። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ምርጫ በመጣ ቁጥር ቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ቆመው «ሰላም ነው» ማለት የተማሩ ፖለቲከኞች አሉ፣ እንጀራችንንም በፎቶ ፊት በልተዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ስለ እንጀራው ሳይሆን ስለ 2,500ዋ እንጠይቃቸው። የታክሲና የኡበር ማኅበሮቻችንም ስለ ኤርፖርት ሰልፍ የሚጮኹትን ሩቡን ያህል ለዚህ ቢጮኹ ይበቃኛል።

ባለፈው ሳምንት የእነዚያ ባልና ሚስት ውል መታደሻው ደርሶ ነበርና ልጃቸው ወረቀቱን ላከችልኝ፣ እስቲ እይልን ብላ። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ነው። የፒአይፒ መተዊያ ቅጹ ውስጥ ምልክቱ አስቀድሞ ተደርጎበታል፤ የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው፣ የሚፈረምበትም ቦታ ቢጫ ቀስት አለበት። ወደ ኤጀንቱ ቢሮ ደወልኩ። ምልክቱን ማን አደረገው ብዬ ጠየቅሁ። ሴትየዋ ሳቅ አለችና «ሐበሻ ሁሉ ስለሚተወው ነው፣ ጊዜ እንዲቆጥብላቸው» አለችኝ። ሽፋኑ ቢገባስ ስንት ይጨምራል አልኳት። ኪቦርዷን ስትመታ ይሰማኛል።

ለስድስት ወር 38 ዶላር።